ለክፉ ቀን የቱ ይሻላል፤ ሱሉልታ፣ ቢሾፍቱ ወይስ ሆለታ?

ለክፉ ቀን የሚሆን ቤትና ጓሮ ከአዲስ አበባ ወጣ ብዬ ስፈልግ ደላላው «ውሃ እንደ ልብ ነው» ብሎኝ ነበር። ሱሉልታ ላይ ነው። ግቢው ገብቼ ቧንቧውን ስከፍተው ፍሽሽ ብሎ አየር ብቻ ተነፈሰ። ግድግዳው ሥር ግን ቢጫ ጀሪካኖች ሞልተው ተደርድረዋል። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ካሬው ሳይሆን ስለ ውሃው ነው። የማየውም በሚያዝያ ነው፤ በነሐሴማ የደረቀ ጉድጓድ የት ይገኛል?

ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ያለ ደጋ ነው፤ ከፍታው ከ2500 ሜትር ያልፋል። ለከተማው ቅርብ ነው፣ ሣሩና ወተቱም አይታማም። ግን ሜዳው በክረምት ውሃ ያቁራል፣ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ውርጭ አለ። ቲማቲም ያሰበ ይርሳው። ላም ለሚያረባ ጥሩ ነው።

ቢሾፍቱ 1900 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ሞቅ ይላል። ጤፍ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ዶሮ ሁሉም ይሆናል። ቁንጮ የሚባለው የጤፍ ዝርያ የወጣው እዚያው ካለው የምርምር ማዕከል ነው። መንገድ ቢዘጋ እንኳ አማራጭ አለ፤ የድሮውም የፍጥነት መንገዱም። ችግሩ ጥቁር አፈሩ ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ አጥርና ግድግዳ ይዞ ይሄዳል። ወደ ስምጥ ሸለቆው ስለሚጠጋ የጉድጓድ ውሃውን ፍሎራይድ (ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳ ማዕድን) አስመርምሩ። ማፍላት ፍሎራይድን አያወጣውም።

ሆለታ በአምቦ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታው 2400 ሜትር አካባቢ። ብዙ ቦታ አፈሩ ቀይ ነው፣ ውሃ አይተኛበትም። ጉደኔና በለጠ የሚባሉት ድንቾች ከዚያው የምርምር ማዕከል የወጡ ናቸው። ዘር ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለም ማለት ነው። ሁለት ላም ካላችሁ ከእበቱ ባዮጋዝ ይሠራል፤ ጋዝ ሲጠፋ ወጡ አይቀርም። ጎዶሎው መንገዱ ነው፤ እሱ ከተዘጋ አዲስ አበባ ለመግባት ዙሪያ ጥምጥም ነው።

የትም ቤት ብትገዙ ጣሪያውን እንደ ውሃ ምንጭ ቁጠሩት። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። 60 ካሬ ቆርቆሮ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1200 ሊትር ወደ ሮቶ ይገባል፤ ጥቂቱ ቢባክንም። ባለ 5000 ሊትር ሮቶ ቀን 100 ሊትር ለሚበቃው ቤተሰብ 50 ቀን ይሄዳል።

ደላላ «የገበሬ መሬት በርካሽ» ካላችሁ ግን ጆሮ አትስጡ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ የመንደር ውል ነገ አያድናችሁም። ካርታውን ራሳችሁ መሬት አስተዳደር ሄዳችሁ አረጋግጡ።

እኔ ሆለታ ላይ ነኝ። ለሙቀቱ ቢሾፍቱ ያጓጓኛል፤ አጥሬን በየዓመቱ ማደስ ግን አልፈልግም።