ሮላንድ ማይክሮ ኪዩብ ጂኤክስ ለሃርሞኒካ፣ በደጋ አገር

ሮላንድ ማይክሮ ኪዩብ ጂኤክስ ለጊታር ተብሎ የተሠራ፣ ባለ 5 ኢንች ስፒከርና 3 ዋት ጉልበት ያለው ትንሽ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ነው። ክብደቱ 3 ኪሎ አይሞላም። በ6 ደብል ኤ ባትሪ ድንጋይ ስለሚሠራ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ልምምዱ ለሚቋረጥበት ወይም ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበርና መሐል ሜዳ እየወጣ ለሚጫወት ሃርሞኒካ ተጫዋች መጀመሪያ የሚታሰብ ዕቃ ነው። ጌኑን (የሚገባውን ድምፅ የሚያጎላውን መዘወሪያ) እንደ ጊታር ሰቅሎ የሚጫወትበት ሰው ግን ከፉጨት በቀር የሚያገኘው የለም።

ፉጨቱ የሚመጣው ከማይኩ ነው። ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ይገባል፣ ጎልቶ ይወጣል፣ እንደገና ይገባል። ጌን ሲጨመር ትንፋሹም የጣት ኮሽታውም አብሮ ስለሚጎላ ነገሩ ይብሳል። ስለዚህ አር-ፋየር እና ኤክስትሪም የሚባሉትን የአምፑን የድምፅ ምርጫዎች ለሃርሞኒካ ጨርሶ አትንኳቸው። ብላክ ፓነል ላይ አድርጉት፤ ጌኑ ከሩብ አይለፍ፣ ቶኑ ከግማሽ በታች ይሁን፣ ድምፁን በማስተሩ (በዋናው የድምፅ መዘወሪያ) ጨምሩ። ማይክ የሚለው ምርጫ ለዘፋኝ ደህና ነው፤ ሃርሞኒካን ግን ያቀጥነዋል። ስትጫወቱ ከአምፑ 2 ሜትር ያህል ራቁ፣ የማይኩ ጀርባ ወደ ስፒከሩ ይዙር።

ሻካራው፣ ወፍራሙ ድምፅ የሚሠራው በእጅ ነው። ሹር 520ዲኤክስ የሚባለው የሃርሞኒካ ማይክ ለዚህ ይመቻል፦ የራሱ ቮልዩም አለው፣ ጃኩም በቀጥታ አምፑ ላይ ይሰካል። ኤስኤም58 የሚባለው የዘፋኝ ማይክ ያለው ሰው ደግሞ ኢምፒዳንስ (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ) የሚቀይር ትራንስፎርመር መሐል ላይ ማስገባት አለበት፤ ያለዚያ ድምፁ ደካማና ቀጭን ይሆንበታል። ሃርሞኒካውን በግራ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ያዙ፣ ማይኩን ከኋላው ለጥፉ፣ ከዚያ በሁለቱም መዳፍ ዙሪያውን ዝጉ። ብዙ ጊዜ አየር የሚያመልጠው በትንሿ ጣት በኩል ነው። 2ኛውን ቀዳዳ እየሳባችሁ መዳፋችሁን ክፈቱና ዝጉ፤ ሲዘጋ ባሱ ካልወፈረ የሆነ ቦታ ክፍተት አለ ማለት ነው።

ፔዳል (በማይኩና በአምፑ መሐል የሚሰካ ድምፅ መቀየሪያ) አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው ዲስቶርሽን (ድምፅ የሚያሻክረውን) ትቶ ኢኳላይዘር (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ የሚጨምርና የሚቀንስ) ይግዛ። ቦስ ጂኢ-7 ከ100 ኸርዝ እስከ 6.4 ኪሎ ኸርዝ 7 ተንሸራታች መቆጣጠሪያዎች አሉት፤ እያንዳንዱ 15 ዲሲቤል ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ከማይኩ ቀጥሎ፣ ከአምፑ በፊት ይሰካ። 6.4ን እስከ ታች አውርዱት፣ 3.2ን 6 ዲሲቤል ያህል ቀንሱ፣ 400ን 3 ወይም 4 ጨምሩ። 100ን ግን አትጨምሩ፤ 5 ኢንች ስፒከር ያን ባስ ስለማይሸከመው ይንተፋተፋል። ፉጨቱ ካልቆመ 1.6ን ትንሽ ዝቅ አድርጉ። ይህ ፔዳል ከአምፑ ጋር ሲጣመር ለውጡ ከሌላው ሁሉ ይበልጣል።

የአምፑ ዲሌይ (ድምፁን ዘግየት አድርጎ የሚደግመው) እና ሪቨርብ (የአዳራሽ ማስተጋባት የሚመስለው) አንድ መዘወሪያ ላይ ስለሆኑ ሁለቱን አብሮ መጠቀም አይቻልም፤ ያሳዝናል። ለትዝታ ዲሌዩን ምረጡ። በሲ ሃርሞኒካ የትዝታ ሜጀር ያለ ምንም ቤንድ (ኖታውን በትንፋሽ ዝቅ ማድረግ) ይወጣል፦ 4 መንፋት፣ 4 መሳብ፣ 5 መንፋት፣ 6 መንፋት፣ 6 መሳብ፣ 7 መንፋት። በቅኝቱ ውስጥ በግማሽ ድምፅ የሚጎራበቱ ኖታዎች ስለሌሉ፣ የሚመለሰው ድምፅ አዲሱ ላይ ሲደረብ አይጋጭም። አንቺሆዬ ላይ ግን ግማሽ ድምፆች ስላሉ ዲሌዩን ዝቅ አድርጉ፤ ያለበለዚያ ዜማው ይደፈርሳል።

የደብረ ብርሃን ከፍታ 2,840 ሜትር ገደማ ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ለመሣሪያ አይራራም። ትንፋሽ በቀዘቀዙት የሃርሞኒካ ምላሶች ላይ ውሃ ሆኖ ይቋጠርና ድምፁን ያፍነዋል። ከመጫወት በፊት ሃርሞኒካውን 10 ደቂቃ ያህል ብብት ወይም የውስጥ ኪስ ውስጥ አሙቁት። ማይኩን ተጫውታችሁ እንደጨረሳችሁ ሣጥኑ ውስጥ አትዝጉበት፤ እርጥበቱ እስኪወጣ ደረቅ ቦታ ይቆይ። አምራቹ ባትሪው እስከ 25 ሰዓት ይሠራል ይላል፤ ብርድ ላይ ግን ድንጋይ ቶሎ ይደክማል፣ አምፑን ሌሊት መኪና ውስጥ አትተዉት። ሸዋ ሮቢት ወርዶ ለሚጫወት ይህ ሁሉ ጣጣ የለም።

ሰርግ ላይ፣ ከበሮና ጭብጨባ ባለበት፣ 3 ዋት አይሰማም። ያኔ አምፑን ወንበር ላይ አስቀምጡና ስፒከሩ ፊት፣ ከመሐሉ ትንሽ ወደ ጠርዙ፣ ሌላ ማይክ አቁማችሁ ወደ ሞንታርቦው ላኩት። ከጆሮ ማዳመጫው መሰኪያ በገመድ መላክም ይቻላል፤ ግን የአምፑ ስፒከር ስለሚዘጋ ተጫዋቹ ራሱን አይሰማም።

አዳፕተር ስትገዙ 9 ቮልት መሆኑ ብቻ አይበቃም። የቦስ ፔዳል የሚፈልገው የመሰኪያው መሐል ኔጌቲቭ የሆነውን ነው፤ ገበያ ላይ ያለው ብዙው ርካሽ አዳፕተር ተቃራኒው ነው፣ ፔዳሉንም ሊያበላሽ ይችላል። ልኩን ካላገኛችሁ ፔዳሉን በ9 ቮልት ባትሪ አሠሩት፤ ከመብራት የሚመጣው እምምም የሚል ድምፅም አብሮ ይቀራል። ሳትጫወቱ ስትቀሩ ግን ጃኩን ከፔዳሉ መግቢያ ንቀሉ፤ ተሰክቶ ካደረ ባትሪው ያልቃል።