ለካንጋሩ ክፍሏ ሲስተር

ይህን ጽሁፍ ስንት ጊዜ ጀምሬ እንደተውኩት አልናገርም። ልጄ ስድስት ወር ሞላው። ዛሬ ካልጻፍኩት በቃ አልጽፈውም።

ዋናውን ላስቀድም። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ቀኑ የተወለደ ልጅ ያላችሁ፣ ወይም እንዲህ የሆነች እናት የምታውቁ፣ አንዲት ሲስተር አለች። የመንግሥት ሆስፒታል ካንጋሩ ክፍል ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ያለ ቀናቸው የተወለዱ ሕፃናት እናታቸው ደረት ላይ ገላ ለገላ የሚታቀፉበት ክፍል። «ስሜን ፌስቡክ ላይ እንዳላይ» ብላ አስጠንቅቃኛለች። ስለዚህ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። እነግራችኋለሁ። ሂዱ።

ልጄ የመጣው በ32 ሳምንቱ ነው። ደም ግፊቴ ድንገት ወጣና በኦፕራሲዮን አወጡት። 1 ኪሎ ከ450 ግራም። አንድ ኪሎ ስኳር ይዛችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ከዚያ ትንሽ ነው ከፍ የሚለው።

የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ ቀናት የግል ቦታ ነበርን። የት እንደሆነ ይቅር። ማሞቂያው የሚከፈለው በቀን ነው። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ስለ ማስያዣ ከገንዘብ ተቀባይዋ ጋር ይሟገታል፣ እኔ በመስታወት ልጅ አያለሁ። እጄን ላስገባ ስል «ኢንፌክሽን ታስገቢበታለሽ» ተባልኩ። ሦስት ጊዜ ጠየቅኩ፣ ሦስት ጊዜ ተከለከልኩ፣ ከዚያ ተውኩት። ወተቴን አልቤ እሰጣለሁ፤ ያጠጡት ይድፉት የሚነግረኝ የለም። አንድ ቀን መተላለፊያው ላይ ሳለቅስ አንዷ «ምን ያስለቅስሻል? አልሞተብሽ!» ብላኝ አለፈች። ያቺ ንግግር እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ ናት።

ቤት ደግሞ ሌላ ጣጣ። «የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የስምንት ወር ግን...» ብለው የማይጨርሱት ጎረቤቶች። የሚደውል ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ልክ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው። ገንፎ አልተገነፋም። እልል ያለ የለም። ልጅ ልውለድ ልቅበር ለራሴም ተምታታብኝ።

ብሩ ሲያልቅ ሪፈር አጻፍን። እውነቱን ልናገር፣ ወደ መንግሥት ሆስፒታል የሄድነው ወደን አይደለም። አቅም አጥተን ነው። አፍሬም ነበር።

ሲስተሯ በር ላይ ተቀበለችን። ባለቤቴ ፋይሉን ዘረጋላት፣ አልተቀበለችውም። መጀመሪያ እኔን አየችኝ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለችኝ።

ዘጠኝ ቀን ሙሉ ይህን ያለኝ ሰው አልነበረም። አንድም ሰው። አሜን ማለት አቃተኝ። እዚያው በር ላይ ነፈረቅኩ። እሷም «በቃ ዝም በይ» አላለችኝም። ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ። ወንበሩ አንድ እግሩ አጭር ነበር፤ እሱ ያንገጫግጨኛል፣ እኔ አለቅሳለሁ። ስጨርስ ፋይሉን ተቀበለች።

ከዚያ «ሸሚዝሽን ፍቺ» አለችኝ። ልጁን ከዳይፐርና ከኮፍያ በቀር ራቁቱን አድርጋ ደረቴ መሃል አስተኛችው፣ እግሮቹን እንደ እንቁራሪት አጥፋ። አንገቱን ወደ ጎን አዞረች። ከላይ ነጠላዬን ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። «ቱቦውስ?» አልኳት። «እሱን ለኔ ተይው።» አጠገባችን ማሽን አለ፣ ቁጥር ይጽፋል። ትንሽ ቆይታ ቁጥሩን አሳየችኝና «አየሽ?» አለች። ምን እንዳየሁ ዛሬም አላውቅም። እኔ የማውቀው ትንፋሹ አንገቴ ሥር ይሞቀኝ እንደነበር ነው።

ግን ወዲያው በፍቅር አልቀለጥኩም። ይህን የምጽፈው እንደኔ የሆነች ካለች እንድታነበው ነው። ፈራሁት። አፍነዋለሁ ብዬ ፈራሁ፣ እጥለዋለሁ ብዬ ፈራሁ። ቀን ሙሉ ታቅፌው እውላለሁ፣ ስለ እሱ ሳወራ ግን «ሕፃኑ» ነው የምለው። ሲስተሯ ናት የነቃችብኝ። በአራተኛው ቀን ማታ ሌሎቹ እናቶች ሲተኙ አልጋዬ ጫፍ ላይ መጥታ ተቀመጠች። «ልጄ ስትይ አልሰማሁሽም» አለችኝ። ዝም አልኩ። «እሱ ሲተኛ አንቺ ትተኛለሽ?» አልተኛም። «ራስሽን መጉዳት ይመጣብሻል?»

እንዲህ ፊት ለፊት የጠየቀኝ አልነበረም። ይመጣብኝ ነበር። ለባሌም ለእናቴም ያልነገርኳቸውን ለእሷ ነገርኳት። አልደነገጠችም። ሰይጣን ነው አላለችኝም። «ልጅሽን እያየሽ ተጽናኚ» ብላም አልሰበከችኝም። «ብዙ እናት ላይ ይደርሳል። እንዳንቺ ያለ ቀኗ የወለደች ላይ ደግሞ ይበዛል። ይታከማል» አለች፣ ልክ ስለ ጉንፋን እንደምታወራ። ያን ሌሊት እናቴን አስጠርታ አጠገቤ አሳደረቻት። ጠዋት ተረኝነቷ ካለቀ በኋላ ራሷ እጄን ይዛ እዚያው ግቢ ወዳሉት የአእምሮ ሐኪም ወሰደችኝ። አዳሯን የሠራች ሰው ናት እኮ!

መድኃኒት ተጻፈልኝ፣ እያጠባሁ የምወስደው። ስሙን አስተካክዬ አልጠራውም። ጠበልም ሄጃለሁ፣ መድኃኒቱንም አልተውኩም። «አራስ ናት፣ ይለቃታል» እያላችሁ ዝም የምትሉ ቤተሰቦች፣ እባካችሁ አትጠብቁ። እኔን ጠብቀውኝ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ስለ ካንጋሩው የማውቀው እሷ የነገረችኝንና ወጥቼ ያነበብኩትን ነው። የተጀመረው ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ውስጥ ነው አሉ፣ በፈረንጆቹ 1978። ማሞቂያ አልበቃ ሲላቸው እናቶቹ ማሞቂያ ሆኑ። በ2021 ደግሞ የጋና፣ የማላዊ፣ የናይጄሪያ፣ የታንዛኒያና የሕንድ ሆስፒታሎች ውስጥ የተሠራ ጥናት ወጣ። እስኪረጋጉ ሳይጠበቅ፣ እንደተወለዱ እናታቸው ደረት ላይ የተደረጉት ሕፃናት ሞት በሩብ ቀንሷል። ይህን ያነበብኩ ቀን ያ መስታወት ትዝ አለኝና ስልኬን ወረወርኩት።

የዓለም ጤና ድርጅት ልጁ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይታቀፍ ይላል። «24 ሰዓት? ሽንት ቤትስ?» አልኳት ሲስተሯን። «አባቱ ደረት የለውም?» አለችኝ። ባለቤቴ መጋረጃ ተጋርዶለት፣ ሸሚዙን ከፍቶ፣ ልጁ ታስሮለት ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። መተንፈስም የፈራ ይመስል ነበር። እናቴ አጥሚት ይዛ ስትገባ አየችውና «ደግሞ ወንድ አራስ ልንጠይቅ ነው?» ብላ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። የወለድኩ ዕለት መሳቅ የነበረባትን ሳቅ ያኔ ሳቀችው።

የስምንት ወሩንም ነገር ጠይቄያታለሁ፣ ሲከነክነኝ ስለነበር። «ማህፀን ውስጥ የቆየው እያንዳንዱ ሳምንት ለሱ ትርፍ ነው። ጎረቤትሽ ሂሳብ ተሳስታለች» አለች። ሂሳብ ተሳስታለች! ይህን እስካሁን ለብቻዬ እያልኩ እስቃለሁ።

ክፍሉ ቆንጆ ነው አልላችሁም። ሙቀቱ ያፍናል። ስድስት እናት በአንድ ክፍል ናችሁ። ውሃ የሚጠፋበት ቀን አለ። ግን አንድ ጠዋት ልጁ ሚዛን ላይ 30 ግራም ጨምሮ ሲገኝ «ልጄ ጨመረ!» ብዬ ጮህኩ፣ ክፍሉ በሙሉ በእልልታ ተቀበለኝ። ከአጠገቤ ያለችው «ማሻ አላህ» አለች። ሲስተሯ ግን ምንም አላለችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ኪሎውን ለረጅም ጊዜ ጻፈች።

በ22ኛው ቀን ወጣን። ቤትም ገላ ለገላ ማቀፉን አልተውኩም። ለክርስትናው ጠራኋት፣ ተረኛ ነኝ ብላ ቀረች። ድፎውንና ዶሮውን ክፍሉ ድረስ ወሰድንላት፤ እሷ ቆማ ለእናቶቹ አካፈለችው፣ ለራሷ የቀረላት ያው እንቁላል ነው።

ስለዚህ ደግሜ እላለሁ፣ ኢንቦክስ አድርጉኝ። እንደ እሷ ያለ ሰው ሳላመሰግን አልቀርም። ደግሞ ስትሄዱ ከፊት የሚከፈት ሸሚዝ ልበሱ፣ ነጠላ ሁለት ያዙ። አንዱ ታጥቦ በጊዜ አይደርቅም።