አልቅትና አንበጣ፦ በቀለበት ወይስ በልባስ?

የመሬት ትልን መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ እዩት፤ ቀለበት በቀለበት ነው። የአንበጣም ሆድ እንደዚያው የተከፋፈለ ነው። ፈረንሳዊው የእንስሳት ተመራማሪ ኩቪየ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሁለቱን አንድ ምድብ ውስጥ የከተታቸው ይህንኑ አይቶ ነው። ዓይኑን የሚያምን ሰው ምን ይላል?

በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣ የዘረመል ንጽጽር ግን ዝምድናውን አፈረሰው። አንበጣ፣ ጊንጥና ሸረሪት የውጭ ልባሳቸውን እየጣሉ ያድጋሉ፤ ወስፋትም እንዲሁ። እናም ወስፋት፣ አንድም ቀለበት ሳይኖረው፣ የአንበጣ ዘመድ ሆነ! የመሬት ትልና እንደ እሱ ባለቀለበት የሆነው አልቅት ደግሞ ወደ ቀንድ አውጣ ጎራ ሄዱ። የባሕር ትልና የባሕር ቀንድ አውጣ እጮች፣ ወገባቸውን በጥቃቅን ፀጉር ታጥቀው ሲዋኙ፣ በእርግጥም ይመሳሰላሉ።

እኔ ከሁለተኛው፣ ከልባሱ ወገን ነኝ። ቀለበቱ ሁለት ጊዜ ለየብቻ ተፈጠረ ወይስ ከጋራ ቅድመ አያት ወርዶ ወስፋት ላይ ጠፋ? እሱ ላይ ተመራማሪዎች ገና ይከራከራሉ።