ሊቼስ ላይ ሰውን የሚያጎብዘው ፉክክሩ ነው ወይስ ትብብሩ?

ቼዝ የት ልጫወት ለሚል ሰው የኔ መልስ ሊቼስ የተባለው ድረ ገጽ ነው። ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ካልከፈልክ አይከፈትም የሚባል ነገርም የለውም፣ ገንዘብ የሚለግሱት ሰዎች ራሱ የሚጨመርላቸው ስማቸው አጠገብ ያለችው የክንፍ ምልክት ብቻ ናት በቃ።

ፉክክሩ በደንብ አለ። 1500 ሬቲንግ (አቅምህን የሚለካ ነጥብ) ይዘህ ትጀምራለህ፣ ከዛ ስታሸንፍ ይወጣል ስትሸነፍ ይወርዳል፣ አቅምህን የሚመጥን ተጋጣሚም ወዲያው ይገኛል። ይሄ ጥሩ ነው፣ ሰው ራሱን ሳይሸነግል ደረጃውን ያውቃል። ግን ሬቲንግ የት እንዳለህ ነው የሚነግርህ እንጂ ለምን እዛ እንደቀረህ አይነግርህም። የአንድ ደቂቃ ጌም እየደራረቡ የሚያድሩ ሰዎች ያንኑ ስህተት ሲደጋግሙ የሚከርሙት ለዚህ ይመስለኛል።

ለኔ ትልቁ ነገር ስተዲ የሚባለው ክፍል ነው፣ ሁለት ሦስት ሰው አንድ ቦርድ ላይ ገብቶ እየተወያየ የሚሞክርበት። በቅርቡ አቻ የወጣንበትን ጌም ከተጋጣሚዬ ጋር ከፍተን ከንጉሦቹ ሌላ ሩክ (ግንብ የሚመስለው፣ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ጠጠር) እና ወታደር ብቻ የቀሩበት ቦታ ላይ ስንደርስ «ሩክህን ከወታደርህ ኋላ አድርገው እስኪ» አለኝ፣ አደረግኩት፣ ወታደሩ አንድ እርምጃ በሄደ ቁጥር ለኔ ሩክ ቦታው እየሰፋ ለሱ ሩክ ደሞ እየጠበበ ሲመጣ አብረን አየነው። ትንሽ ቀደም ብሎ ሊያሸንፈኝ ሲታገል የነበረ ሰው እኮ ነው ይሄን የሚያሳየኝ!

የኮምፒውተር አናሊሲሱም የሚሠራው በጎ ፈቃደኞች በሚያዋጡት የኮምፒውተር ጉልበት ነው፣ የማታውቀው ሰው ማሽን ያንተን ስህተት ይፈልግልሃል ማለት ነው።

አናሊሲሱን የሚሠራው ስቶክፊሽ የተባለው ፕሮግራም ደሞ ለብቻው ሊወራለት ይገባል። ኮዱ ክፍት ነው፣ ማንም ማሻሻያ ማቅረብ ይችላል፣ ግን የቀረበው ማሻሻያ ከነባሩ ጋር ብዙ ሺህ ጌም ተጫውቶ ካልተፈተነ አይገባም። በ2017 አልፋዜሮ የተባለው የጉግሉ ዲፕማይንድ ኩባንያ ፕሮግራም፣ በኒውራል ኔትወርክ (ከብዙ ምሳሌ ራሱ በሚማር የኮምፒውተር ዘዴ) የሚሠራው፣ ከ100 ጌም 28ቱን ሲያሸንፈው 72ቱን አቻ ወጡ፣ ስቶክፊሽ አንድም አላሸነፈም። ከዛ ለጃፓኖቹ ሾጊ ጨዋታ የተሠራ የኒውራል ኔትወርክ ዘዴ በ2020 ስቶክፊሽ 12 ላይ ገባና አቅሙ በጣም ጨመረ። ሽንፈቱ ጉድለቱን አሳየ እሺ፣ መፍትሄው ግን የመጣው የሠሩትን ሳይደብቁ ካካፈሉ ሰዎች ነው፣ ለዛ ነው እኔ ወደ ትብብሩ የማደላው።

ለጀማሪ የምመክረው፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ሬቲንግ እንዳይታይ አድርግ፣ ረዘም ያለ ጌም ምረጥ፣ ሲያልቅ ደሞ ቀጣዩን ከመጫንህ በፊት ተጋጣሚህን ስተዲ ላይ ጋብዘው፣ ዝም የሚል አለ ግን እሺ የሚልም አይጠፋም።