ጎርጎራ ለምሳ ብቻ አይኬድም

የጎንደር ሰው ጎርጎራ የሚሄደው ለምሳ ነው። ጠዋት ሚኒባስ ኮንትራት ይይዛል። ጣና ሐይቅ ዳር ቁጭ ብሎ ዓሣ ይበላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሳይመሽ ይመለሳል። እኔም እስከ ባለፈው ጥር ድረስ እንደዚሁ ነበርኩ። ተወልጄ ያደግኩት ጎንደር ነው፤ ጎርጎራ ግን አንድም ቀን አድሬ አላውቅም ነበር።

ያሳደረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ለጥምቀት ከአሜሪካ መጥቶ ነበር። የሚኖረው ጆርጂያ ሲሆን ኦኮኒ የሚባል ሐይቅ ዳር ባለ የጎልፍ ሪዞርት ውስጥ ሣር ይንከባከባል። ሥራውን ይወደዋል። ቡና እየጠጣን ስለ ሣር አጫጨድ ሲያወራ ሰዓቱ ይሄዳል። ኦኮኒ እንደ ጣና የተፈጥሮ ሐይቅ አይደለም። በ1979 እ.ኤ.አ. ግድብ ተሠርቶ የተጠራቀመ ውሃ ነው። ግን ዳርና ዳሩ ላይ ከስድስት ያላነሱ የጎልፍ ሜዳዎች አሉ። አንዱን የነደፈው በጎልፍ ዓለም ስሙ የገነነው ጃክ ኒክላውስ ነው።

"ለአንድ ሪዞርት ይህ ሁሉ ሜዳ ምን ያደርጋል?" አልኩት።

"አንድ ሜዳ ቢሆንማ ሰው ተጫውቶ ይሄዳል" አለኝ። "ስድስት ሲሆን ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን እያለ ይሰነብታል። እኛ ደሞዝ የምንበላው በሚያድረው ሰው ነው።" ትንሽ ቆይቶ ጠየቀኝ። "ጎርጎራስ ለሁለተኛ ቀን የሚሆን ምን አላት?"

መልስ አልነበረኝም። ሐይቅና ዓሣ ከማለት በቀር ምንም አልመጣልኝም። ሄደን ልናየው ተስማማን። ሦስት ሌሊት አደርን። ይህን የምጽፈው ከዚያ ተመልሼ ነው።

መጀመሪያ መንገዱ። ከጎንደር በአዘዞ፣ በቆላ ድባና በጯሂት አድርጎ ይወስዳችኋል፤ ስልሳ ኪሎ ሜትር አለፍ ይላል። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። መናኸሪያ ያሉት ሾፌሮች የዕለቱን ያውቃሉ። እኛ ጠይቀን፣ አንድ ቀን አዘግይተን ነው የወጣነው። ጥር ላይ የደምቢያ ሜዳ እሸት ሽምብራ ነው። ልጆች በእቅፍ በእቅፍ ይዘው መንገድ ዳር ይሸጣሉ። ወንድሜ ሁለት እስር ገዝቶ ጎርጎራ እስክንደርስ ጨረሰው።

ማደሪያችን ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ነበር። ትልቁን፣ በገበታ ለሀገር የተሠራውን ሪዞርት ለሚፈልግ እሱም እዚያው አለ፤ እኛ ግን አቅማችንን አይተን ነው የመረጥነው። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ አንሶላው ፀሐይ ፀሐይ ይሸታል። ጉድለቱ ሁለት ነው። ሙቅ ውሃ አለ ተብለን ገብተን ሦስቱንም ቀን በቀዝቃዛ ታጠብን። አጎበሩም ተቀዷል። ይህኛው ቀላል ነገር አይደለም። ጎርጎራ ከጎንደር ዝቅ ያለች፣ ሞቅ ያለች አገር ናት፤ የሐይቁ ዳር ደግሞ የወባ ትንኝ አለው። ስንነግራቸው ልጅቷ መርፌና ክር አምጥታ ሰፋችልን። ደግነቷን አመሰግናለሁ፤ እንግዳ ከመግባቱ በፊት ግን መታየት ነበረበት። እናንተ ብትሄዱ የራሳችሁን አጎበር ያዙ።

ምግቡን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልገኝም፣ ዓሣውን ብሉ። ቀረሶው ሙሉውን ተቆራርጦ፣ ጠርዙ እስኪኮማተር ተጠብሶ፣ ከዳጣና ከሎሚ ጋር ይመጣል። አምባዛ ካላችሁ ጉላሹ ይሻላል፣ ሥጋው ስለሚለሰልስ። ጎንደር ውስጥ የምንበላው ዓሣ በረዶ ላይ ስንት ሰዓት እንደቆየ እዚያ ስትበሉ ይገባችኋል። አንድ ምክር ግን አለኝ፤ ዓሣው ከመጠበሱ በፊት አሳዩኝ በሉ። ማንም አይቀየምም። እንዲያውም ባለቤቷ ራሷ "ኑ ምረጡ" ብላ ወደ ጓዳ አስገባችን።

ለምሳ ብቻ የሚመጣ ሰው የሚያየው እስከዚህ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን እኔም ያየሁት ገና አሁን ነው።

በማግስቱ ጠዋት ደብረ ሲና ማርያም ገባን። በእግር የሚደረስበት ነው። ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የነበረ ደብር ነው ይባላል። የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሣለ ነው። ጫማችንን አውልቀን ገባንና ቄሱ መስኮቱን ከፈቱልን። ብርሃኑ ቀስ ብሎ ሥዕሉ ላይ ሲወጣ ወንድሜ ዝም አለ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ልጆች ሆነን ስንቴ አይተነዋል፤ ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት ቆጥረናል። ደብረ ሲና ግን ይለያል። ሥዕሉ ዓይናችሁ ትይዩ ነው። አንገት ቀና ማድረግ አይጠይቅም። ቄሱ አልቸኮሉም፣ እኛም አልቸኮልንም። አንድ ሰዓት ተኩል ቆየን። መብራት የሚያበራ ስልክ አታውጡ፣ ቀለሙን ይጎዳል ተብሎ ይፈራል።

ከሰዓት በኋላ ጣሊያን በወረራው ዘመን ሐውልት ያቆመበት ኮረብታ ላይ ወጣን። ስለ ሐውልቱ የምለው የለኝም። ከዚያ ላይ ሐይቁ ሲታይ ግን ወዲያ ማዶው የለም። ውሃው እስከ ሰማዩ ነው።

ሦስተኛው ቀን የጀልባ ነበር። ልቤ ውስጥ የቀረውም እሱ ነው።

ስለ ጀልባው ዋጋ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ጠዋት የተነጋገርነው ጀልባው በሙሉ እያልን ነው። ማታ ስንመለስ "ዋጋው ለአንድ ሰው ነበር" ተባልን። ተከራከርን፣ ሽማግሌ ገባ፣ መካከል ላይ ተስማማን። የከፈልነው ከሦስት ሌሊት አልጋ በለጠ። ስለዚህ ስትነጋገሩ ሦስት ነገር ለዩ፦ ዋጋው ለጀልባው ነው ወይስ ለሰው? ነዳጁን ይጨምራል? የትና የት ያደርሳል? የደኅንነት ጃኬትም ጠይቁ። እኛ ስንጠይቅ ከሳጥን ውስጥ አወጡልን፤ ባንጠይቅ ኖሮ እዚያው ይቀር ነበር።

መጀመሪያ ማንዳባ መድኃኔዓለም ገዳም ወረድን። ሰላምታ ሰጥተን፣ ጸበል ጠጥተን ብዙም ሳንቆይ ወጣን። የጸሎት ቦታ ስለሆነ ዞር ዞር ማለቱ ደስ አላለኝም።

ከዚያ ወደ ማርያም ግንብ፣ ከዓፄ ሱስንዮስ ዘመን ወደ ቀረው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ሄድን። መንገዱ ረዘም ይላል፣ በሞተር ከአንድ ሰዓት በላይ ወሰደብን። ግን ሄዳችሁ እዩት፣ እባካችሁ። እኛ የጎንደር ልጆች ታሪክ የሚጀምረው ከፋሲል ግንብ ይመስለናል። ፋሲል ጎንደርን የቆረቆረው በ1636 እ.ኤ.አ. ነው። አባቱ ዓፄ ሱስንዮስ ግን ከዚያ በፊት ጎርጎራ ላይ ቤተ መንግሥት ነበረው። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው ስፔናዊ ኢየሱሳዊ (ጄስዊት የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር) ቄስ ከንጉሡ ጋር የነበረውም እዚያ ነው። ፓኤዝ በ1618 እ.ኤ.አ. ግሽ ዓባይን ያየ ሰው ነው። በኖራ የተያያዘው ድንጋይ፣ ጽጌረዳ የመሰለው ቅርጽ፣ ግማሹ ወድቆ ግማሹ የቆመው ግድግዳ አሁንም አለ። ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆነ፣ አገሩ ተጨፋጨፈ፣ በመጨረሻ በ1632 እ.ኤ.አ. ዙፋኑን ለልጁ ለቀቀ። ፋሲልም ኢየሱሳውያኑን አባረረ፣ ከሐይቁ ርቆ ጎንደርን ሠራ። ያን ሁሉ በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ፍርስራሹ መካከል ቆሜ፣ ከታች ውሃው ድንጋዩን ሲመታ እየሰማሁ ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ። የእኛ ከተማ ለምን እዚያ ኮረብታ ላይ እንዳለች እዚህ ነው የገባኝ።

ቦታው ላይ አንድ ጽሑፍ እንኳ አላየሁም። አጥር የለም። ከብቶች በፍርስራሹ መካከል ይግጣሉ። አንድ የአካባቢው ልጅ ተከትሎን መጥቶ ከአያቱ የሰማውን ነገረን። ያ ልጅ ሠልጥኖ ደሞዝ የሚከፈለው አስጎብኚ ቢሆን ምን ነበረበት? ወንድሜ ሲመለስ በጀልባው ላይ ያወራው ይህንኑ ነው። እነሱ ጋ አንድ ሜዳ ለመጠበቅ ስንት ሰው በንጋት እንደሚነሳ ያውቃል።

ስንመለስ እምቦጩን አየን። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም ነው፤ በጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ አስቸግሯል፤ የደምቢያ ዳርቻ ደግሞ በጣም ከተጎዱት አንዱ ነው። ጥር ላይ ስለነበር ሐይቁን አልሸፈነውም፣ እዚህም እዚያም ጉብ ጉብ ብሎ ነው ያየነው። ወንድሜ ጀልባውን አስቁሞ አንዱን ነቀለ፣ ሥሩን አገላብጦ አየ። "ይኼ የሚበላው ማዳበሪያ ነው" አለ። ማሳ ላይ የተበተነው ማዳበሪያ በዝናብ ታጥቦ ሐይቁ ሲገባ አረሙ ይጠግባል ማለቱ ነው። እነሱ ሜዳው ከውሃው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ማዳበሪያ የማይደርስበት፣ የማይታጨድ ረጅም ሣር ይተዋሉ። ውሃውን የሚያጣራው ያ ሣር ነው አለኝ።

ጀልባ ነጂያችን ይህን ሲሰማ ደንገሉን አሳየው። "የኛ ሣር እሱ ነበር ጋሼ" አለው። "ታንኳ የምንሠራበት። ድሮ ዳሩ ሁሉ ደንገል ነበር።" ከዚያ ሁለቱ ስለ ደንገል እስከ ወደቡ ድረስ አወሩ። እኔ ፔሊካኖቹን እያየሁ ነበር። ሰባት ሆነው በአንድ መስመር ከታንኳዎቹ ኋላ ይሄዱ ነበር፣ ዓሣ አጥማጁ የሚጥለውን እየጠበቁ።

እንግዲህ ግምገማዬ ይኸው ነው። ዓሣው በጣም ጥሩ ነው። የሰዉ አቀባበል ጥሩ ነው። አልጋው ደህና ነው፣ አጎበርና ሙቅ ውሃ ቢስተካከል። የጀልባው አገልግሎት በቃል ሳይሆን በተለጠፈ ዋጋ ቢሠራ ይሻላል። ማርያም ግንብ ጠባቂና አስጎብኚ ያስፈልገዋል፣ ይህን የምለው ከልቤ ተቆርቁሬ ነው። ሐይቁ ውስጥ አትዋኙ፣ ቢልሃርዚያ አለበት። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመረጣል፣ ዝናብ የለም፣ መሬቱም አያጨቀይም።

በመጨረሻው ጠዋት ሚኒባስ እየጠበቅን ወንድሜን ጠየቅኩት። "ስንት ሜዳ አገኘህ?" ጣቱን አጠፈ። ደብረ ሲና፣ ማንዳባ፣ ማርያም ግንብ፣ ኮረብታው፣ ውሃው። ያልደረስንባቸው ደሴቶች ደግሞ አሉ፣ ደቅ አለ። "አራት ሌሊት ያስፈልግ ነበር" አለ። ለመጪው ጥር ባለቤቱንና ልጆቹን ይዞ ሊመጣ ነው። አጎበር እኔ እገዛለሁ ብዬዋለሁ።