የፊንቶናው ፉርጎ ወይስ የካርላይሉ ዳንዲ?

ባቡር ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ጭስና ፉጨት ነው። በፈረስ የሚጎተት ባቡርም ግን ነበር። ሙዚየም ከገቡት ሁለቱን ላወዳድር (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

"ዳንዲ" የተባለው እንግሊዝ ውስጥ ዮርክ ባለው ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም ይገኛል። ከድራምበርግ እስከ ፖርት ካርላይል 4 ኪሎ ሜትር ያህል ይመላለስ ነበር። ሐዲዱ የተዘረጋው በተዘጋ የጀልባ ቦይ ላይ ነው። አንደኛና ሁለተኛ ማዕረግ የቆረጠ ውስጥ ይቀመጣል። የሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪ ግን ውጭ ነው፤ ዝናብ ከመጣ የራሱ ጉዳይ! በ1914 እንፋሎት ተካው።

የሰሜን አየርላንዱ ፊንቶና ባለ ፎቅ ነው። በ1883 ተሠርቶ፣ ዛሬ ቤልፋስት አጠገብ ከልትራ ሙዚየም ቆሟል። እዚህም ሦስተኛ ማዕረግ ጣሪያ አልባው ፎቅ ላይ ነው፤ በዚህስ ሁለቱ አንድ ናቸው። መንገዱ ከዋናው ጣቢያ እስከ ፊንቶና ከተማ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በእግር ቢሄዱት ምን ነበረበት? ያም ሆኖ እስከ 1957 ዘለቀ።

በዕድሜ ዳንዲ ይበልጣል። እኔ ግን ፊንቶናን እመርጣለሁ፤ ምክንያቴ ፈረሱ ነው። አንዱ ሄዶ ሌላው ሲተካ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ስሙ ያው "ዲክ" ነው። ዋናው ባቡር እየጨሰ ሲመጣም እንዳይደነብር ከፉርጎው ተፈትቶ በረት ይገባ ነበር።