የሲሊከን ባትሪ አክሲዮን ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

በስልክ መተግበሪያ አክሲዮን ለምትገዙ ወገኖቼ ይህን የምጽፈው፣ በሲሊከን አኖድ (ባትሪው ሲሞላ ሊቲየሙን የሚቀበለው ክፍል) ላይ በሚሠራ አንድ የባትሪ ኩባንያ አክሲዮን ገንዘቤን ካጣሁ በኋላ ነው። የኩባንያውን ስም አልጠራም፤ ባነበብኩት ማስታወቂያ ውስጥ ሐሰት ነው የምለው አንድም ቃል አላገኘሁምና። እኔን ያሞኘኝ እውነተኛው ቁጥር ነው።

በአብዛኛዎቹ የሊቲየም ባትሪዎች አኖድ ውስጥ ያለው ግራፋይት በአንድ ግራም 372 ሚሊአምፒር ሰዓት (የኤሌክትሪክ ክምችት መለኪያ) ያህል ሲይዝ፣ ሲሊከን ከ3,500 በላይ ሊይዝ ይችላል። ወደ አሥር እጥፍ ማለት ነው። ይህ ግን አኖዱ የሚሠራበት የሲሊከን ዱቄት ልክ እንጂ የባትሪው አይደለም፤ አኖዱ የባትሪው አንድ ክፍል ብቻ በመሆኑና ካቶዱ (ተቃራኒው የባትሪ ክፍል)፣ ፈሳሹ፣ የመዳብና የአሉሚኒየም ሉሁ፣ ማሸጊያውም ጭምር ክብደታቸው ስለማይቀንስ፣ አሥር እጥፍ የተባለው ጥቅም ባትሪው ዘንድ ሲደርስ እጅግ ይሳሳል። በዘርፉ ስም ካላቸው አንዱ የሆነው የአሜሪካው ሲላ ስለ ራሱ ምርት የሚናገረው የኃይል ክምችት ጭማሪ 20 በመቶ ገደማ ነው። ጥሩ ጭማሪ ነው፤ እኔ ግን አክሲዮኑን የገዛሁት በአሥር እጥፉ ሒሳብ ነበር።

ሁለተኛው ችግር እብጠት ነው። ሲሊከን ሊቲየም ሲቀበል መጠኑ እስከ 300 በመቶ ድረስ ይጨምራል፤ ግራፋይት የሚጨምረው 10 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ባበጠና በተኮማተረ ቁጥር ቅንጣቱ ይሰነጠቃል፣ በላዩ የተሠራው መከላከያ ሽፋን ይቀደዳል፣ አዲስ ሽፋን ለመሥራትም ሊቲየሙ ይባክናል። ለዚህ መፍትሔ የለም አልልም፤ ሲሊከኑን ቀዳዳ ባለው ካርቦን ውስጥ ያስቀመጡት አሉ፣ ዛሬም በባትሪያቸው አነስተኛ የሲሊከን ድርሻ ያላቸው ስልኮች ይሸጣሉ። ሆኖም ቤተ ሙከራ ውስጥ የተሳካን ነገር በርካሽ ዋጋ በብዛት ማምረት ዓመታት ይፈጃል፦ እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመው ሲላ የመጀመሪያ ምርቱን ለገበያ ያበቃው በ2021 ሲሆን፣ እሱም የሚገባው እጅ አንጓ ላይ በሚታሰር ትንሽ መሣሪያ ውስጥ ነበር። ኤንቪያ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ደግሞ በ2012 በኪሎግራም 400 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ሠራሁ ብሎ ቢያስደንቅም፣ ያንኑ ውጤት ለመኪና በሚሆን መልኩ መድገም ስላልቻለ ከጄኔራል ሞተርስ ጋር የነበረው ውል ፈርሷል።

ገንዘቤን በቀጥታ የበላው ግን ኬሚስትሪው ሳይሆን የአክሲዮኑ አወጣጥ ነው። የሲሊከን ባትሪ አምራቾቹ ኢኖቪክስ በ2021፣ አምፕሪየስ በ2022 ወደ አክሲዮን ገበያ የገቡት ስፓክ በሚባለው መንገድ ነው፤ እኔ የገዛሁትም በዚሁ መንገድ የገባ ነበር። የራሱ ሥራ የሌለው አንድ ባዶ ኩባንያ አክሲዮኑን በ10 ዶላር ሸጦ ገንዘብ ከሰበሰበ በኋላ ከባትሪ አምራቹ ጋር ይዋሃዳል። የባዶው ኩባንያ መሥራቾች እንደተለመደው ከአክሲዮኖቹ 20 በመቶ ያህሉን በኢምንት ዋጋ ይይዛሉ፤ ቀድመው የገቡትም ውሕደቱ ካልጣማቸው 10 ዶላራቸውን መልሰው መውሰድ ይችላሉ። ከውሕደቱ በኋላ በሞቀ ገበያ የሚገዛው ሰው ይህ መብት የለውም። የፋብሪካው ገንዘብ ሲያልቅ ኩባንያው አዲስ አክሲዮን ያወጣል፣ የቀድሞው ባለድርሻም ድርሻው ይመነምናል። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው፤ የእኔይቱ ላም ደግሞ በየዓመቱ አዲስ ባለቤት ይጨመርባት ነበር።

ስለዚህ ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ከፍታችሁ፣ የተጠቀሰው ቁጥር የዱቄቱ ነው ወይስ የሙሉ ባትሪው፣ ባትሪው ስንት ጊዜ ተሞልቶ ነው አቅሙ የወረደው፣ ሳይነካ ቢቀመጥስ ምን ያህል ይደክማል ብላችሁ ፈልጉ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስንት ባትሪ ተሸጦ ስንት ብር እንደገባ እዩ። «ናሙና ለደንበኞች ልከናል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እንደ ሽያጭ አትቁጠሩት፤ የእኔው ኩባንያ ሁለት ዓመት ሙሉ ናሙና ሲልክ ነበር።